ሜሹን ላስቀይር ወይስ ፍሬሙን ልተካ? ቱሉ ዲምቱ ካለችው ማተሚያ ቤቴ

ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰፈራችን ወጣቶች 180 ቲሸርት አዘዙኝ። ነጭ ቲሸርት ነው፤ ጀርባው ላይ መስቀል፣ በመስቀሉ ዙሪያ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተያይዘው የሚዞሩበት ጥለት። የማትመው በስክሪን ነው፤ ፍሬም ላይ በተወጠረ ሜሽ፣ ማለትም እንደ ወንፊት ባለ ስስ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ቀለሙን አሳልፌ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ስለሚያስፈልግ ይህ ሦስት ፍሬም ይፈልጋል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር በተከራየኋት ሱቅ ውስጥ ያኔ 14 ፍሬሞች ነበሩኝ። 8ቱ አሉሚኒየም፣ 4ቱ እንጨት፣ 2ቱ ብረት ናቸው። ግማሾቹን ሥራውን ከተወ ሰው ላይ በጅምላ ስለገዛኋቸው ዕድሜያቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ቲሸርቶች ስናትም አረንጓዴውና ቢጫው ገጠሙ። ቀዩ ግን ከታች በቀኝ በኩል ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሸሸ፤ ላይ ላይ ደግሞ ልክ ነው። ፍሬሙን ነክሶ የያዘውን ክላምፕ ፈትተን አስተካከልን። ታችኛው ሲገጥም ላይኛው ሄደ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሜሹን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ይኼ እኮ ላልቷል» አለኝ። እውነትም ላልቶ ነበር። ሦስቱንም ፍሬም ይዤ መርካቶ ሄድኩ፣ ሜሽ ለሚወጥር ሰው ሰጠሁ፣ በማግስቱ ተወጥረው መጡ። በጣት ሲመቱ እንደ ከበሮ ይጮሃሉ። ኢሙልሽን (ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ሽፋን) ቀባን፣ አደረቅን፣ ኤክስፖዝ አደረግን (ዲዛይኑን አስቀምጠን ብርሃን አበራንበት)፣ አጠብን፣ አተምን። ቀዩ እዚያው ቦታ፣ እዚያችው ቀኝ ማዕዘን ላይ ሸሸ።

ለበዓሉ አራት ቀን ቀርቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ያደረግሁት፣ ቀለሞቹ እንዳይነካኩ ዲዛይኑ ውስጥ ነጭ ክፍተት መጨመር ነው። ቲሸርቱ ደረሰ፤ ልጆቹም ለበሱት። ግን ያዘዙት ያ አልነበረም። እኔም ከዋጋው ቀንሼ መለስኩላቸው። የሦስት ሜሽ ዋጋ፣ የመወጠሪያ፣ የኢሙልሽን፣ የትራንስፖርትና የሦስት ቀን ሥራ ባክኗል። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚህ መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ነገሩን ያሳዩኝ እዚሁ ሰፈር ለብዙ ዓመት ሰሌዳና ባነር ሲያትሙ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ብለን ነው የምንጠራቸው። ከጥምቀት በኋላ ለጉዳይ ብቅ ብለው የቀዩን ፍሬም አነሱና ጠረጴዛ ላይ ያለው ወፍራም መስታወት ላይ በጀርባው አስተኙት። ሁለት ጣታቸውን ማዕዘኑ ላይ አድርገው ጫን ሲሉት ተቃራኒው ማዕዘን ተነሣ። ሲለቁት ቀጭ ብሎ ተመለሰ። «ልጄ፣ ፍሬሙ እያነከሰ ሜሹን ብትቀያይሪው ምን ዋጋ አለው? ቸርኬው ተጣሞ ሳለ አዲስ ጎማ እንደ ማሰር እኮ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄውን የምጀምረው ከሜሹ አይደለም። ሜሽ ያልቃል፤ ጎማ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ፍሬሙ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ከገባችሁ ፈተናውን ራሳችሁ ትፈጥሩታላችሁ። ስናትም ሜሹ ቲሸርቱን መንካት ያለበት ስኩዊጁ (ቀለሙን የምንገፋበት ላስቲክ) በሚያልፍበት ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው። ስኩዊጁ እንዳለፈ ሜሹ ወዲያው ተስፈንጥሮ መነሣት አለበት፤ ካልተነሣ ቀለሙ ይጨማለቃል፣ ጠርዙም ይደማል። ለዚህ ሲባል በሜሹና በቲሸርቱ መሀል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንተዋለን። ፍሬሙ ከተጣመመ ይህ ክፍተት አንዱ ማዕዘን ላይ 2፣ ሌላው ላይ 4 ይሆናል። ክፍተቱ በሰፋበት በኩል ሜሹ ቲሸርቱን ለመንካት የበለጠ መለጠጥ ስላለበት ምስሉም አብሮት ይለጠጣል። አንድ ቀለም ብታትሙ ማንም አያየውም። ሁለተኛውን ቀለም ቀጥ ባለ ፍሬም ከላዩ ስታትሙ ግን ልዩነቱ ፊት ለፊት ይወጣል። ሜሹ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን ይህን አያድንም። እንዲያውም ያኔ መርካቶ የተወጠረልኝ አዲሱ ሜሽ ጥብቅ ስለነበር ለማተም ከድሮው ይልቅ መጫን አስፈልጎን ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ፈተናውን አሁን እንዲህ አደርገዋለሁ። ወፍራም መስታወት ወይም የተወለወለ እምነበረድ ያስፈልጋል። የጣውላ ጠረጴዛ አይታመንም፤ እሱ ራሱ ጠማማ ነው። ፍሬሙን ሜሹ ባለበት ፊት መስታወቱ ላይ አስተኝቼ አራቱንም ማዕዘን ተራ በተራ እጫናለሁ። ካነከሰ፣ በተነሣው ማዕዘን ሥር ወረቀት አስገባለሁ። ተራው ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ የ500 ቅጠል እሽግ 5 ሴንቲ ሜትር ግድም የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ አሥር ወረቀት ከገባ ፍሬሙ 1 ሚሊ ሜትር ተነሥቷል ማለት ነው። እስከ አምስት ወረቀት ድረስ ለቲሸርት ምንም አልልም። ከአምስት እስከ አሥር ያለውን ለአንድ ቀለም ሥራ አደርገዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሜሽ አላለብሰውም። የቀዩ ፍሬም 14 ወረቀት ዋጠ።

ከዚያ ሜትር ይዤ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም አቅጣጫ እለካለሁ። እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ወደ ጎን ሸርተት ብሏል። ቀጥሎ ልሳኞች የሚጠቀሙበትን ስታጃ፣ ወይም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ በእያንዳንዱ ጎን አስጠጋለሁ። ስስ ቱቦ ያለው ፍሬም ሜሹ ሲስበው መሀሉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ጎኑ በጎበጠ ቁጥር ሜሹ መሀል ላይ ይላላል፤ ማዕዘኑ ጋ ግን ጥብቅ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ፍሬም ሜሽ ብታለብሱት በሳምንቱ ያው ነው። ቱቦው አይችልማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ራሴ ጥሩ ፍሬም ልጥል የደረስኩት ባለማወቅ ነው። አንዳንዴ ፍሬሙን ያጣመመው ሜሹ ይሆናል። የወጠረው ሰው በአንድ ሰያፍ በኩል ይበልጥ ከሳበው ፍሬሙን ጠምዝዞ ይይዘዋል። ስለዚህ ያነከሰ ፍሬም ሁሉ ወዲያው አይጣል። ሜሹ የሚቀየር ከሆነ መጀመሪያ ቆርጣችሁ አውጡትና ባዶውን ፍሬም እንደገና መስታወቱ ላይ አስተኙት። ከስምንቱ አሉሚኒየሞቼ አንዱ ሜሽ ሳለው 9 ወረቀት ያስገባ ነበር፤ ሜሹን ስቆርጠው ለጥ ብሎ ተኛ። እኩል ተወጥሮ ዛሬ ከሁሉም የምተማመንበት ፍሬም እሱ ነው። የቀዩ ግን ሜሹ ከወጣለትም በኋላ አነከሰ። ያ ለመርካቶ ከፍዬ ያስወጠርኩት አዲስ ሜሽ አብሮ ተቆረጠ።

የተጣመመ አሉሚኒየም በጉልበት ይቃናል የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ። ብየዳው ማዕዘኑ ላይ ተሰነጠቀ። ሳይሰነጠቅ ቢቃና እንኳ ሜሹ ሲወጠርበት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ቀዩን ቆራሌው በኪሎ ወሰደው።

ስለ ማዕዘን ብየዳ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የአሉሚኒየም ፍሬም ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። ብየዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተከፈተ ስታጥቡት ውሃ ይገባል። ኢሙልሽን ቀብታችሁ ለማድረቅ ስታቆሙት ያ ውሃ ቀስ ብሎ ይንጠባጠብና የተቀባውን ያበላሻል። እኛ ለወራት «ኢሙልሽኑ ነው የተበላሸው» እያልን ነበር። ፍሬሙን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት፤ ውሃ ካለው ይሰማል። ማዕዘኑን ውሃ ውስጥ ብትነክሩት አረፋ ይወጣል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነና ማዕዘኑ የማይነቃነቅ ከሆነ በደንብ አድርቃችሁ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ በሚሠራው ኢፖክሲ ድፈኑት፤ እኔ አንዱን እንዲያ አድርጌ እየሠራሁበት ነው። ማዕዘኑ ራሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ይብቃው። አሉሚኒየም መበየድ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ ሌላ ሙያ ነው፤ በር የሚሠራው የሰፈር ብየዳ ቤት አይችለውም።

አሁን ፍሬሙ ቀና ነው እንበል። ሜሹስ መቀየሩ የግድ ነው?

የተቀደደ ከሆነ ግልጽ ነው፤ ምስሉ ከሚያርፍበት ውጭ፣ ዳር ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ከሆነች ግን በሁለቱም በኩል በፕላስተር ታሽጋ ብዙ ትሠራለች። ሜሹ በደረቀ ቀለም ተደፍኖ እንደሆነ ለማየት ወደ ብርሃን አንሡት። እኛ ለጨርቅ የምንጠቀመው ቀለም ከባይንደር (ቀለሙን ጨርቁ ላይ ከሚያጣብቀው ማያያዣ) ጋር የተቀላቀለ ፒግመንት ነው፤ ባይንደሩ ሜሹ ውስጥ ከደረቀ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፣ በውሃ አይወጣም። የድሮው ምስል ጥላ ብቻ ከሆነና ብርሃኑ በእኩል የሚያልፍ ከሆነ አትጨነቁ፤ ቀለም እንጂ ድፍን አይደለም። ብርሃኑ ነጠብጣብ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ግን ድፍን ነውና ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

ዋናው ጥያቄ መላላቱ ነው። ጣት ያታልላል። የእኔ ሠራተኛ «ጥብቅ ነው» የሚለውን እኔ «ላልቷል» እላለሁ። ትክክለኛው መሣሪያ ውጥረቱን በሴንቲ ሜትር ስንት ኒውተን እንደሆነ የሚያነብ መለኪያ ነው። የራሴ የለኝም፤ ከአንድ የሙያ ጓደኛዬ ተውሼ ሁሉንም ለካሁ። በማሽን የተወጠሩት ከ18 እስከ 22 አነበቡ። በእጅ የተወጠሩት እንጨቶች 12 እና ከዚያ በታች። የላሉት አሉሚኒየሞች ደግሞ 10 እና 11። ብዙ ቀለም ለሚገጥምበት ሥራ ከ15 በታች የሆነውን አላምነውም፤ ለአንድ ቀለም ጽሑፍ ግን 12ም ይሠራል።

መለኪያውን ከመመለሴ በፊት ግን የራሴን ዘዴ ሠራሁ። ፍሬሙን ሜሹ ወደ ላይ ሆኖ ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀምጣለሁ። መሀሉ ላይ ወረቀት አንጥፌ 2 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ አሳርፋለሁ። ስታጃውን ከድንጋዩ አጠገብ፣ ከጎን ወደ ጎን አሻግሬ፣ ሜሹ ምን ያህል እንደ ሰመጠ በማስመሪያ እለካለሁ። በ50 በ60 ፍሬሞቼ ላይ 22 ኒውተን ያነበበው 3 ሚሊ ሜትር ግድም ሰመጠ፤ 11 ያነበበው ወደ 6። ስምጠቱ እጥፍ ሲሆን ውጥረቱ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው መጠናቸው አንድ የሆኑ ፍሬሞችን እርስ በርስ ለማወዳደር ነው፤ ትልቁን ከትንሹ ጋር አታወዳድሩበት። አዲስ ተወጥሮ እንደመጣ ለክታችሁ ቁጥሩን ፍሬሙ ጎን ላይ በማርከር ከጻፋችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ ክርክር አይኖርም።

ሜሽ ያለ ጊዜው የሚሞተው በእኛው እጅ እንደሆነም መናገር አለብኝ። ሹል ማዕዘን ያለው ስኩዊጅ ይቆርጠዋል፤ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አድብኑ። ፍሬሙን የሚያክል ስኩዊጅ ጎኑ ላይ ያለውን ሜሽ አለልክ ይወጥረዋል፤ ከሁለቱም በኩል ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑረው። የኢሙልሽን ማስለቀቂያውን ቀብታችሁ ሳታጥቡት ከደረቀ ኢሙልሽኑ እስከ ወዲያኛው ይጣበቃል፤ ያ ሜሽ አለቀለት። ጥላ ለማጥፋት የሚቀባው እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ኃይለኛ ነገር ደግሞ ፖሊስተሩን ራሱን ይበላዋል፤ ከቆየበት በሚቀጥለው ኅትመት መሀል ላይ ይቀደዳል። በረኪና የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፣ እኔም ተጠቅሜያለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በረኪናን አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፤ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሜሽ ስትገዙ የቁጥሩን ነገር ተጠንቀቁ። እኔ «120» ብዬ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ቁጥሩ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉ ክሮች ብዛት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ኢንች ውስጥም ሊሆን ይችላል። በኢንች 120 የሆነው በሴንቲ ሜትር 47 ወይም 48 ነው፤ ወፈር ያለ፣ ለቲሸርት የሚሆን። በሴንቲ ሜትር 120 የሆነው ግን በኢንች 305 ነው፤ ለስቲከርና ለወረቀት የሚሆን፣ የጨርቅ ቀለም እንደ ልብ የማያሳልፍ። ሻጩም ብዙ ጊዜ አይለየውም። ስልካችሁን አስጠግታችሁ ፎቶ አንሡና ከማስመሪያ ጋር በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ክሮች ቁጠሩ፤ ወይም አጉሊ መነጽር ያዙ። እኔ አሁን ለነጭ ወፍራም ቀለምና ለጥቁር ቲሸርት 43፣ ለተለመደው ሥራ 55፣ ለቀጭን ጽሑፍ 77 ነው የምጠቀመው፤ ሁሉም በሴንቲ ሜትር። ቢጫ ሜሽ ካገኛችሁ ለቀጭን ጽሑፍ እሱ ይሻላል፤ ኤክስፖዝ ሲደረግ ብርሃኑን በክሮቹ ውስጥ አይበትነውም፤ የማብሪያ ጊዜውን ግን መጨመር አለባችሁ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዋጋ በቁጥር አልጽፍም፣ ዛሬ ብጽፈው የዛሬ ወር ሌላ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዋጋው ተቀይሯል፤ ሜሹም፣ ኢሙልሽኑም፣ አሉሚኒየም ፍሬሙም ከውጭ ነው የሚመጣው። በእኔ ስሌት አንድ ፍሬም ሜሽ ማልበስ የአዲሱን ሲሶ ያህል ይፈጃል። ይህ ስሌት የሚያዛልቀው ግን ፍሬሙ ቀና ከሆነ ብቻ ነው። ቀና አሉሚኒየም ሜሽ እየተቀያየረለት ዓመታት ይሠራል፤ ጠማማውን ካለበሳችሁት ግን ሲሶውን ከፍላችሁ ሥራውንም ታጣላችሁ።

ሌላው ብክነት ያለው ሜሹ ሲቆረጥ ነው። የ50 በ60 ፍሬም ከነቱቦው ውፍረት 58 በ68 ይሆናል። ለመወጠሪያው በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ሲተው 78 በ88 ሜሽ ይፈልጋል። ጥቅሉ 127 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ከስፋቱ አንድ ብቻ ይወጣና ቀሪው ይጣላል። 165 ካለው ሁለት ጎን ለጎን ይወጣሉ። ስለዚህ አንድ ፍሬም በተቀደደ ቁጥር መርካቶ አልመላለስም፤ አራት እስኪሞሉ ጠብቄ አንድ ላይ አስወጥራለሁ። ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ የታክሲውን ሰልፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በኋላ የራሴን መወጠሪያ አሠራሁ። ብየዳ ቤት ሄጄ ከአርኤችኤስ (ባለ አራት ጎን የብረት ቱቦ) አራት ማዕዘን አሠራሁ፤ በአራቱም ጎን ሜሹን ነክሶ የሚይዝ ብረትና እሱን ወደ ውጭ የሚስብ ቡሎን አለው። ፍሬሙ መሀል ላይ ይተኛል። ሜሹ ሲነከስ ክሩ ከፍሬሙ ጎን ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ጥቂት ከተንጋደደ ቀጭን ጽሑፍ ጠርዙ መሰላል ይሆናል። ቡሎኑን በአንድ ጊዜ አጥብቄ አልጨርስም። ትንሽ እስብና አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳርፈዋለሁ፤ ደግሞ እስባለሁ። ፖሊስተር ሲወጠር መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ከዚያ ራሱን ይለቃል፤ ሳይለቅ ካጣበቃችሁት የሚለቀው ፍሬሙ ላይ ሆኖ ነው። ከመጨረሻው መሳብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ጥቂት ላላ ይበል፤ ሲወጠር የሚቀደደው ብዙ ጊዜ ከማዕዘን ጀምሮ ነው። 24 ኒውተን ላይ ያጣበቅሁት በማግስቱ 20 አነበበ፤ ከጥቂት ኅትመት በኋላ 19 ላይ ረጋ። ስለዚህ አዲስ የተወጠረ ፍሬም በዚያው ቀን ብዙ ቀለም ሥራ ላይ አላውለውም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

ሙጫው የሚይዘው ንጹሕ ብረት ላይ ነው። የድሮውን ሙጫ በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጠርጉት፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ማስክና መነጽር አድርጉ። ሹል ጠርዙን በሞረድ አድብኑ፤ አለበለዚያ ሜሹ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ በአልኮል ወልውሉና በጣት አትንኩት። ሜሹ ፍሬሙን በሙሉ ዙሪያውን መንካቱን ሳታረጋግጡ ሙጫ አትቀቡ፤ ያልነካበት ቦታ በኋላ ይላቀቃል። ሙጫው ፈጽሞ ሳይደርቅም ሜሹን ከመወጠሪያው አትቁረጡ።

ስለ እንጨት ፍሬም ብዙ አልልም። ከባሕር ዛፍ የተሠሩት ሁለቱ ክረምት ገብቶ ሲወጣ ጠመዝማዛ ሆኑ፤ ጣልኳቸው። ሁለቱ ዋንዛዎች እስካሁን ቀና ናቸው፤ ዙሪያቸውን ቫርኒሽ ቀብቼ ለአንድ ቀለም ሥራ ይዣቸዋለሁ። እንጨት ላይ በስቴፕል የምትወጥሩ ከሆነ ከሜሹ ላይ የጨርቅ ጥብጣብ አንጥፉና ስቴፕሉን አጋድማችሁ ምቱት። በክሩ አቅጣጫ ከመታችሁት አንዱን ክር ለብቻው ይይዝና በዚያ መስመር ይቀደዳል። የብረቶቹ ፍሬሞች ጥንካሬያቸው ግሩም ነው፤ ግን ይዝጋሉ፣ ዝገት ላይ ሙጫ አይይዝም፤ ክብደታቸውም ቀኑን ሙሉ ለሚያነሣና ለሚያወርድ እጅ ከባድ ነው። ለትልልቅ ቦርሳ ብቻ ነው የምጠቀምባቸው።

አዲስ ፍሬም ስትገዙም አዲስ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። እኔ ከሱቅ ያመጣሁት አንድ አዲስ ፍሬም ገና ሳይታተምበት 13 ነበር ያነበበው፤ በሩቅ መንገድና በመጋዘን ላልቶ ይሁን ሲወጠርም እንዲያ ይሁን አላወቅሁም። እዚያው ሱቁ ውስጥ መስታወት ባንኮኒ ላይ አስተኝታችሁ ማዕዘኑን ጫን በሉት፤ ሻጩ ቢቆጣም። ምን ቁጥር ሜሽ እንደሆነም ጠይቁ። ሥራ ከሚያቆም ሰው የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሜሹ የተቀደደውን አትናቁ። ወፍራም ቱቦ ያለው፣ ቀና ሆኖ የሚተኛ፣ ሜሹ የተበጣጠሰ አሮጌ ፍሬም በእኔ ዓይን ሜሹ ጥብቅ ቢሆንም ቱቦው ስስ ከሆነ አዲስ ፍሬም ይበልጣል። ዋጋውም የሚረክሰው ሰው ሜሹን አይቶ ስለሚፈርድበት ነው።

የዘንድሮው የጥምቀት ትእዛዝ ከዚያው ሰፈር፣ ከዚያው ልጆች መጥቷል። አምና ላበላሸሁባቸው ዲዛይን ተመልሰው መምጣታቸው ከምንም በላይ አስደስቶኛል፤ ጥለቱም ያው ነው፣ ሦስቱ ቀለም ተያይዞ የሚዞረው። ለእሱ የሚሆኑ ሦስት ፍሬሞች ለይቻለሁ፤ አንዱ ያ ሜሹ ሲቆረጥ ለጥ ብሎ የተኛው ነው፤ ሦስቱም ከሦስት ወረቀት በላይ አያስገቡም፣ ስምጠታቸውም እኩል ነው። ያልወሰንኩበት አንድ ቀርቷል። ሜሹ ላይ እያለ 8 ወረቀት ያስገባል፣ ውጥረቱም ወርዷል። እሑድ ሜሹን ቆርጬ ባዶውን መስታወቱ ላይ አስተኛዋለሁ።